ስለ ጢም ብሩሽ፤ የእንስሳ ጠጕር ይሻላል ወይስ ሰው ሠራሹ?

ይህ ዓምድ በየወሩ ስለ ቤት ዕቃና ስለ ቤት አያያዝ እንዲናገር የተመደበ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ቀደም ስለ ምድጃ፥ ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ልብስ አያያዝ የተቻለንን ያህል ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ግን ከሁሉ ያነሰ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ከመዳፍ የማይበልጥ፥ በመስተዋት አጠገብ በኩባያ ውስጥ ቆሞ የሚውል የጢም ብሩሽ ነው። እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ስለ ምን አነሣችሁት የሚለን ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ትንሽ ዕቃ በቤተ ሰብ መካከል ትልቅ ኀዘን ሊያመጣ እንደሚችል በቅርቡ ስላየን ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንባቢዎቻችን ወገን የሆነች አንዲት እኅት ወደ እኛ መጥታ በቤታቸው የሆነውን አጫወተችን። አባቷ በዕድሜ የገፉ፥ ከመምህርነት ሥራ በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ወንድማቸው ባረፉ ጊዜ እንደ አገራችን ልማድ ጢማቸውን ሳይላጩ ቈዩ። አርባው ከወጣ በኋላ በአሜሪካ አገር የሚኖረው ልጃቸው፥ «አባባ፥ ከእንግዲህ ኀዘኑ ይብቃዎት» ብሎ አንድ የሚያምር የጢም ብሩሽ ከነሳሙናው በመንገደኛ እጅ ላከላቸው። አባትየውም ደስ ብሏቸው ሁለት ሳምንት ያህል ተላጩበት። በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤት ልጅ በእጀታው ሥር የታተመውን የእንግሊዝኛ ጽሕፈት አንብቦ፥ «ይህማ የአሳማ ጠጕር ነው» ብሎ ተናገረ።

እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ብሩሹንም በጨርቅ ጠቅልለው ከግቢ ውጭ አስጣሉት፤ ኩባያውንም ሰበሩት። በዚያው ዕለት ማታ ለልጃቸው ስልክ አስደውለው፥ «እንዲህ ያለ ነገር በአባትህ ፊት ላይ እንዲውል እንዴት ትልካለህ?» ብለው ተቈጡት። ልጁም ባለማወቅ ያደረገው ስለ ሆነ እጅግ አዘነ፤ ከዚያም ወዲህ ሁለት ወር ያህል እንደ ልማዱ ሳይደውል ቀረ። አባትየውም በመካከል ሆነው፥ ሚስታቸውን ሳይነቅፉ ልጃቸውንም ሳይወቅሱ፥ ጢማቸውን እንደ ገና አሳደጉ። እኅታችን፥ «አሁን በቤታችን እንደ ገና ሐዘንተኛ ያለ ይመስላል» ያለችን ስለዚህ ነው።

የጠየቀችንም ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የጢም ብሩሽ በእውነት ከአሳማ ጠጕር ይሠራልን? ሁለተኛ፥ ከአሳማ ያልሆነውን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በምንድን ነው? ሦስተኛ፥ በየገበያው የሚገኘው ርካሽ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ለሽማግሌ ፊት ይበቃልን ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው? እኛም ለእርሷ ብቻ ከምንመልስ ይልቅ፥ ይህ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ሊሆን እንደሚችል በማሰብ፥ ነገሩን መርምረን ያገኘነውን ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን።

አስቀድሞ ብሩሽ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። የጢም ጠጕር ደረቅ ሳለ ጠንካራ ነው፤ ሞቅ ያለ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ሲያገኝ ግን ውሃውን ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ ምላጭም በቀላሉ ይቈርጠዋል። የብሩሽ ሥራ ሳሙናን፥ ውሃንና አየርን አንድ ላይ መትቶ ወፍራም አረፋ ማድረግ ነው። ይህም አረፋ ውሃውን በጢሙ ላይ ይዞ ያቈያል፤ ምላጩንም በቆዳ ላይ ያንሸራትታል። ከዚህም ጋር ብሩሹ በፊት ላይ ሲዞር የተኛውን ጠጕር ያነሣል፤ የሞተውንም የቆዳ ልጣጭ ያነጻል። ሳሙናን በጣት ቀብቶ መላጨት የሚቻል ቢሆንም፥ በጣት የተቀባ ሳሙና ቶሎ ይደርቃል፤ ወደ ጠጕሩም ሥር በሚገባ አይደርስም። ስለዚህ ብሩሽ የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን ቆዳን ከመቈረጥና ከመቃጠል የሚጠብቅ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ብሩሽ የሚሠራው ከምንድን ነው? ዛሬ በዓለም ገበያ ያለው የጢም ብሩሽ በአራት ወገን ይከፈላል፤ ሦስቱ ከእንስሳ፥ አራተኛው ከፋብሪካ የሚገኝ ነው።

የመጀመሪያው የአሳማ ጠጕር ነው። ለእኅታችን የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ አዎን የሚል ነው፤ ከእንስሳ ጠጕር ከሚሠሩት ብሩሾች ሁሉ ርካሹና በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ጠጕሩ በብዛት የሚመጣው ከቻይና አገር ሲሆን፥ ከእርሱ በሚሠሩት ብሩሾች በአውሮፓ ስማቸው ከታወቀው መካከል የኢጣሊያው ኦሜጋና የፖርቱጋሉ ሴሞግ ይገኙበታል። የአሳማ ጠጕር ሥሩ ወፍራምና ጠንካራ፥ ጫፉ ግን በተፈጥሮው ወደ ሁለትና ወደ ሦስት የተሰነጠቀ ነው። ውሃም ወደ ውስጡ ስለሚገባ ሲነከር ይለሰልሳል። አዲስ ሳለ ይዋጋል፤ ይሸታልም። ነገር ግን እየተሠራበት ሲሄድ ጫፉ ይበልጥ እየተሰነጠቀ ስለሚሄድ ከወር በኋላ ከመጀመሪያው ይልቅ የለሰለሰ ይሆናል።

ሁለተኛው ባጀር የሚባለው አውሬ ጠጕር ነው። ይህ አውሬ በአውሮፓና በእስያ ጕድጓድ ቈፍሮ የሚኖር፥ በአገራችን የማይገኝ ነው። ጠጕሩ በመካከሉ ጥቁር ቀለበት፥ በጫፉ ነጭ የሆነ ነው፤ በጠጕሮቹ መካከል ብዙ ውሃ ስለሚይዝና ጫፉ ለስላሳ ስለ ሆነ ሀብታሞች ሲመርጡት ኖረዋል። ዋጋው ከአሳማው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ጫፉ ይበልጥ የነጣውና የለሰለሰው ደግሞ ከሁሉ የከበረ ነው።

ሦስተኛው የፈረስ ጋማና ጭራ ነው። ይህ እንስሳው ሳይሞት ተቈርጦ የሚወሰድ በመሆኑ ከሌሎቹ ይለያል። ጥንካሬውም በአሳማና በባጀር መካከል ነው። አባቶቻችንና ካህናቶቻችን በእጃቸው የሚይዙትን የዝንብ መከላከያ ጭራ የሚያውቅ ሰው ይህን ጠጕር ለማወቅ አይቸግረውም።

አራተኛው ሰው ሠራሽ የሚባለው ነው። የዚህን ታሪክ ጥቂት ማውሳት ይገባናል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. ዋላስ ካሮዘርስ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲሠራ ናይሎን የተባለውን ነገር አገኘ። ብዙ ሰው ናይሎን አስቀድሞ የተሸጠው በሴቶች የእግር ሹራብ መልክ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን በ1938 ዓ.ም. ለሽያጭ የወጣው የመጀመሪያው የናይሎን ዕቃ የጥርስ ብሩሽ መሆኑ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በፋብሪካ የሚሠራው የጥርስ ብሩሽ በብዛት ከአሳማ ጠጕር የተሠራ ነበር። እኛ በጥርስ መፋቂያ ጥርሳችንን ስንፍቅ የኖርን ሰዎች በዚህ ነገር ያልተነካን መሆናችን የአባቶቻችን ልማድ ትርፍ ነው።

በመጀመሪያ ዘመን የነበረው የናይሎን የጢም ብሩሽ ግን የሚመሰገን አልነበረም። ክሩ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ያለው ስለ ነበረ ፊትን ይቧጥጥ ነበር፤ ውሃም ሳይይዝ እየፈሰሰ አረፋውን ያቀጥነው ነበር። ከዚህም የተነሣ ሰው ሠራሽ ብሩሽ የድኻ ዕቃ ነው የሚል ስም ወጣበት፤ ይህም ስም እስከ ዛሬ በብዙ ሰው አእምሮ ይኖራል። ዛሬ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ከናይሎንና ፒ.ቢ.ቲ. ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የሚወጣው ክር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ጫፉም እንደ ተፈጥሮ ጠጕር እየሰለለ እንዲሄድ ይደረጋል። ስለዚህ ስለ አሮጌው ናይሎን የተነገረውን ነቀፋ በአዲሱ ላይ መጫን ፍርድ ማጣመም ነው።

ስለ እንስሳ ጠጕር ስንናገር ሳንጠቅሰው ልናልፍ የማይገባን አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ከ1914 እስከ 1918 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በተደረገው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ወታደሮች በመርዝ ጋዝ ምክንያት የሚለብሱት ጭንብል ፊታቸው ላይ በሚገባ እንዲገጥም ጢማቸውን ዘወትር መላጨት ነበረባቸው። የብሩሽ ፍላጎት በበዛበት በዚያው ጊዜ ግን ጦርነቱ የባጀር ጠጕር የሚመጣበትን የንግድ መንገድ ዘጋው። ስለዚህ አንዳንድ ነጋዴዎች ከእስያ የመጣውን የፈረስ ጠጕር ባጀር አስመስለው በብሩሽ ላይ ተከሉት። ከዚያም ጠጕር አንዳንዱ በሚገባ ያልተቀቀለና ከበሽታ ያልጸዳ ስለ ነበረ፥ በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ ወታደሮችና ሌሎችም ሰዎች በፊታቸውና በአንገታቸው ላይ እባጭ እየወጣባቸው ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። በሽታው እኛ አባ ሰንጋ የምንለው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም በ1920 ዓ.ም. ከጃፓን የሚመጣ የጢም ብሩሽ ወደ አገሩ እንዳይገባ ከለከለ።

የአባ ሰንጋን ክፋት ለአገራችን ገበሬ የሚያስተምረው የለም። የበሽታው ዘር በአፈርና በጠጕር ላይ ደርቆ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይኖራል፤ በቆዳ ላይ ያለች ትንሽ ጭረትም መግቢያ ትሆነዋለች። ዛሬ የታወቁት ፋብሪካዎች ጠጕሩን ቀቅለውና ከበሽታ አጽድተው ስለሚሠሩ፥ አዲስ ብሩሽ በመግዛት አባ ሰንጋ ይይዘኛል ብሎ መፍራት አይገባም። ነገር ግን ከዚያ ዘመን የቀረ አሮጌ ብሩሽ በቅርስ ዕቃ መካከል ቢገኝ ለማየት እንጂ ለመላጨት አይሁን። እንዲሁም ከሞተ ከብት ጭራ ጠጕር ቈርጦ በቤት ውስጥ ብሩሽ ለመሥራት መሞከር ከቶ አይገባም።

አሁን ወደ ማወዳደሩ እንመለስ። የሰው ወሬ ብቻ ይዘን እንዳንናገር ሁለት ርካሽ ብሩሾች አገኘን፤ አንዱ የአሳማ፥ ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ነው። የአሳማውንም ያመጣልን በውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ፥ በዚህ ነገር ኅሊናው የማይከሰው አንድ ወዳጃችን ሲሆን፥ እርሱ በራሱ ብሩሽ፥ እኛም በሰው ሠራሹ በአንድ ዓይነት ሳሙና ሦስት ወር ተላጭተን በየሳምንቱ ያየነውን ተነጋገርን። ያገኘነውም ይህ ነው።

የመጀመሪያው ልዩነት ውሃ ነው። የአሳማው ብሩሽ ከመላጨት በፊት ሦስት ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውሃ ውስጥ መቈየት አለበት፤ አለዚያ ይዋጋል። ሰው ሠራሹ ግን ውሃ ወደ ውስጡ ስለማይገባ መንከርና ማራገፍ ብቻ ይበቃዋል። በማለዳ ወደ ሥራ ለሚቸኩል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠርተናል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሠራሹን እንደ ሌላው ብሩሽ ውሃ እንደ ጠገበ ወደ ሳሙናው አገባነው፤ አረፋውም ቀጥኖ በክርናችን ላይ ወረደ። ኋላ ግን ውሃውን ጨርሰን አራግፈን፥ ከዚያ በኋላ ጠብ በጠብ እየጨመርን ብንሠራ አረፋው እንደ እርጎ ወፈረ። ሰው ሠራሽ ብሩሽ ገዝቶ የማይረባ ነው ብሎ የጣለ ሰው ካለ፥ ምናልባት የሳተው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ሳሙና ነው። ሰው ሠራሹ ሳሙናውን ራሱ ስለማይጠጣ በጥቂት ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ብናዞረው በቂ ነው። የአሳማው ሳሙና ይፈጃል። በሌላ በኩል ግን ጠንካራ የሆነውን ደረቅ ሳሙና ፍቆ በማንሣት የአሳማው ይበልጣል።

ሦስተኛው በፊት ላይ ያለው ስሜት ነው። ሰው ሠራሹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ሲጫኑት ግን እንደ ጅማት ቶሎ ስለሚመለስ አንዳንድ ጊዜ አረፋውን በመስተዋቱ ላይ ይረጨዋል። የአሳማው በመጀመሪያው ሳምንት የወዳጃችንን ጉንጭ አቅልቶት ነበር። በአራተኛው ሳምንት ግን ለስልሶ፥ «አሁንስ ለመድሁት» አለን። እውነቱን መናገር የሚገባ ስለ ሆነ እንዲህ እንላለን፤ ወፍራም ጢም ላለውና በርከት ያለ መታሸት ለሚወድ ሰው የአሳማው ብሩሽ መልካም መሣሪያ ነው፤ ሙቀትም ከሰው ሠራሹ ይልቅ ይዞ ይቈያል። የሚነቀፈውን ብቻ ተናግረን የሚመሰገነውን ብንደብቅ አንባቢን ማታለል ይሆናል።

አራተኛው መድረቅና ንጽሕና ነው። ጧት የተላጨንበት ሰው ሠራሽ ብሩሽ ከቀትር በኋላ ደርቆ ይገኛል፤ የአሳማው ግን እስከ ማግሥቱ ድረስ ሥሩ ርጥብ ነው። ርጥበት ያልተለየው ጠጕር ይሸታል፤ ሥሩም ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። በተለይም በክረምት ወራት፥ ልብስ እንኳ ሁለት ቀን ተሰቅሎ በማይደርቅበት ጊዜ፥ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

አምስተኛው መርገፍ ነው። የአሳማው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጥቂት ጥቂት ጠጕር ጣለ፤ በኋላ ግን ተወ። ሰው ሠራሹ በሦስት ወር ውስጥ የጣለው ከጣት ቍጥር አይበልጥም። ዋጋቸውም የተቀራረበ ነው። ስለዚህ በርካሽ ዕቃ ደረጃ ብቻ ካየነው፥ ሰው ሠራሹ ብዙ ልምምድ ለማይፈልግ፥ ቆዳው ለሳሳ፥ እጁም ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ የሚሻል ሆኖ አግኝተነዋል። ለእኅታችን ሦስተኛ ጥያቄም መልሳችን ይህ ነው፤ ይበቃል፥ ይተርፋልም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። እናቲቱ የደነገጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ስለ እሪያ የተጻፈውን ልጅ ሁሉ በቤቱ እየሰማ ያደገበት አገር ነው፤ ሥጋውን ከቶ በማይበላበት ቤት ውስጥ ጠጕሩ በባል ፊት ላይ ሲውል ማየት ልብን እንደሚያቈስል እናውቃለን። ይሁን እንጂ እኛ የዕቃ ነገር ጸሓፊዎች እንጂ የሥርዓት ፈራጆች አይደለንም። ይህ ይገባል፥ ይህ አይገባም ለማለት ሥልጣኑ የለንም፤ የሚጠራጠር ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። እኛ የምንችለው አንባቢ ፍርዱን እውነቱን አውቆ እንዲፈርድ መርዳት ነው።

እውነቱም ይህ ነው። የአሳማ ጠጕር ያለው በጢም ብሩሽ ላይ ብቻ አይደለም። ግድግዳና በር በዘይት ቀለም የሚቀባበት ጥሩ የቀለም ብሩሽ፥ ሠዓሊዎች የሚሠሩበት ጠንካራ ብሩሽ፥ የልብስና የጠጕር ብሩሽም ብዙ ጊዜ ከዚሁ የተሠራ ነው። ስለዚህ አንዱን ከግቢ አውጥቶ የጣለ ሰው ሌላውን በመሳቢያው ውስጥ ሳያውቅ አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በዚያው ምዕራፍ በተጻፈው ምልክት፥ ማለት ሰኰናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ በሚለው ቢመዘን፥ ባጀርም ፈረስም ከሚበሉት ወገን አይደሉም። ፈረስን ግን አንበላውም እንጂ እንጋልበዋለን፤ ጭራውንም ሽማግሌዎቻችን በክብር ይይዙታል። ይህን የምንለው እናቲቱን ለመንቀፍ ወይም ልማዳቸውን ለማቃለል አይደለም። ልጁ የላከው ነገር በድፍረት የተሠራ በደል ተደርጎ እንዳይቈጠር ነው። እርሱ በሱቅ ውስጥ ያየው መልካም እጀታና ለአባቱ ያሰበውን ደስታ ብቻ ነበር።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 14 ስለ መብል ሲናገር፥ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይፈርድ፥ ደግሞም በመብል ምክንያት ወንድሙን እንዳያሳዝን ያስተምራል። ይህ ምክር በሁለት በኩል የሚነካ ነው። ልጅን ይነካዋል፤ የእናቱ ኅሊና የማይቀበለውን ነገር ወደ ቤቷ ከመስደዱ በፊት እንዲጠይቅ። እናትንም ይነካታል፤ ከመጣልና ከመቈጣት በፊት እንድትጠይቅ። የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ብሩሽ ቢጣል ሌላ ይገዛል፤ ከሩቅ አገር የሚደውል ልጅ ድምፅ ከተቋረጠ ግን በገበያ አይገኝም።

በሩቅ አገር የምትኖሩ ልጆቻችን ሆይ፤ ለወላጆቻችሁ ዕቃ ስትልኩ ከማማሩ አስቀድሞ ከምን እንደ ተሠራ እዩ። በእጀታው ወይም በካርቶኑ ላይ «ብሪስል» ወይም «ቦር» የሚል ቃል ቢገኝ የአሳማ ነው። «ፒዩር ብሪስል» የሚለውም የጠጕሩን ንጹሕነት ሳይሆን ሌላ ያልተቀላቀለበት የአሳማ ጠጕር መሆኑን ይናገራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። «ባጀር» የሚለው ከላይ የተናገርነው አውሬ ነው። «ሲንተቲክ» ወይም «ናይሎን» የሚለው ሰው ሠራሽ ነው። «ናቹራል» ብቻ ተብሎ የተጻፈው ከእንስሳ መሆኑን እንጂ ከየትኛው እንስሳ መሆኑን ስለማይነግር ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

ጽሕፈት የሌለበት ብሩሽ ሲያጋጥም ደግሞ በቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ከመካከሉ አንዲት ጠጕር ነቅሎ በወረንጦ ይዞ ወደ ክብሪት እሳት ማስጠጋት ነው። የእንስሳ ጠጕር ከሆነ እንደ ተቃጠለ የሰው ጠጕር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቃል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን ይቀልጥና በጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ያለ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ይህ ፈተና ሰው ሠራሹን ከእንስሳው ይለያል እንጂ አሳማውን ከፈረሱ አይለይም። ሲፈትኑም ልጆችን ማራቅ፥ የቀለጠውንም ሳይበርድ አለመንካት ያስፈልጋል።

ስለ አያያዙም ጥቂት እንናገር። ከተላጩ በኋላ ብሩሹን በለብታ ውሃ ሳሙናው እስኪወጣ ድረስ ማጠብ፥ ውሃውን ማራገፍ፥ በፎጣ ላይ ቀስ ብሎ ማሸት፥ ከዚያም አየር በሚያገኝበት ቦታ ማቆም ይገባል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ርጥቡን ማስቀመጥ ሻጋታ መጥራት ነው። በፈላ ውሃ ውስጥ መንከር ለሁሉም ጎጂ ነው፤ ጠጕሩን የያዘውን ሙጫ ያላላል፥ የሰው ሠራሹንም ክር ያጣምመዋል።

ከሁሉ ይልቅ አንድ ብሩሽ ለአንድ ሰው ይሁን። አባትና ልጅ እንኳ ቢሆኑ በአንድ ብሩሽ አይላጩ፤ ምላጭ ፊትን ሲጭር ደም ይወጣል፥ ጭርትና የቆዳ እባጭም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ወደ ጠጕር አስተካካይ የሚሄድ ሰውም የራሱን ርካሽ ብሩሽ ይዞ ቢሄድ አያፍርበት። እንዲሁም ጢማቸው የተጠቀለለ ብዙ ወንዶቻችን ከተላጩ በኋላ ጠጕሩ ወደ ቆዳቸው ተመልሶ እየገባ እባጭ ያወጣባቸዋል። እነዚህ በሞቀ ውሃ አለስልሰው፥ በለስላሳ ብሩሽ ሳይጫኑ አረፋውን አዙረው፥ ቆዳቸውን ሳይወጥሩ፥ ወደ ጠጕሩ አበቃቀል አቅጣጫ ቢላጩ ይሻላቸዋል። በጠንካራ ጠጕር እባጩን ማሸት ግን ቍስል መጨመር ነው።

ይህን ሁሉ ለእኅታችን ከነገርናት በኋላ፥ ከገበያ አንድ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ገዝታ ወደ ቤት ገባች። እናቲቱም በመጀመሪያ አላመኑም። እኅታችን እንደ ነገርናት አንዲት ክር ነቅላ በክብሪት ብትለኵሳት ክሯ ቀልጣ ዶቃ ሆነች። እናቲቱም በመነጽራቸው ተመልክተው፥ «ይህስ ላስቲክ ነው» ብለው ዝም አሉ። በማግሥቱ ጧት እኅታችን ከመኝታዋ ስትነሣ አባቷ በመስተዋት ፊት ቆመው ነበር፤ ውሃውን አሙቀው ያቀረቡላቸው እናቷ ነበሩ። ኩባያውም አዲስ ነበር።

ለልጁ የደወሉት ግን አባትየው ናቸው። ስለ ብሩሹ ብዙ አልተናገሩም፤ «ተላጭቻለሁ፤ እናትህም ድምፅህን ትፈልጋለች» ብለው ስልኩን ለእናቲቱ ሰጡ። እናትና ልጅ ምን እንደ ተባባሉ እኅታችን አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ድሮው እሑድ እሑድ ይደውላል ብላናለች።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ እንግዲህ የጢም ብሩሽ ለመግዛት ያሰባችሁ ብትኖሩ ርካሹን ሰው ሠራሽ ሳትንቁ ሞክሩት። የእንስሳውን የምትመርጡም ከምን እንደ ተሠራ ዐውቃችሁ፥ በቤታችሁ ያሉትንም ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ግዙ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚመጣው ወር ስለ ሌላ የቤት ዕቃ እንነጋገራለን፤ እስከዚያው ድረስ ቤታችሁ በሰላም ይሁን።